እንቅልፍ፦ የአካል ሐቅ፣ የአላህ ጸጋ

(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሌሊትን ለዕረፍት፣ ቀንን ለኑሮ መፈለጊያ ላደረገልን ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ከዲን ጋር ይያያዛል ብለን የማናስበው፣ ነገር ግን ሰላታችንን፣ ጤናችንንና የቤታችንን ሰላም በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። እርሱም እንቅልፍ ነው። ስለ ምግባችን ሐላልና ሐራሙን እንጠይቃለን። ስለ ገንዘባችን፣ ስለ አለባበሳችን እንጠይቃለን። ከዕድሜያችን ሲሶ ያህሉን ስለሚወስደው እንቅልፍ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ትንሽ መተኛትን የትጋት ምልክት፣ ሲብስም የአላህ ፍራቻ ምልክት አድርጎ ያየዋል። ይህ አስተሳሰብ ከዲናችን የመጣ ነውን? እስቲ አብረን እንመልከተው።

እንቅልፍ ከአላህ ምልክቶች አንዱ ነው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም የችሎታውን ምልክቶች ሲዘረዝር የሰማያትንና የምድርን መፈጠር፣ የቋንቋችንንና የመልካችንን መለያየት ይጠቅስና ወዲያው በተከታዩ አንቀጽ (30፡23) በሌሊትና በቀን መተኛታችንን ያስከትላል። በሱረቱ አን-ነበእ (78፡9) ደግሞ እንቅልፋችንን ማረፊያ እንዳደረገልን ይነግረናል። በሱረቱ አዝ-ዙመር (39፡42) የተኛ ሰው ነፍሱ በአላህ እጅ እንደምትሆን፣ ጊዜዋ ያልደረሰው እስከ ተወሰነላት ጊዜ ድረስ እንደምትለቀቅ ተገልጿል። ስለዚህ በየማለዳው የምንነሳው በሕይወት የመቆየት ፈቃድ አዲስ ተሰጥቶን ነው ማለት ነው።

የበድርንም ዘመቻ እናስታውስ። በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ ጥቂት የነበሩት ሙስሊሞች በቁጥር ከሚበልጣቸው ሠራዊት ፊት በቆሙ ጊዜ አላህ ካወረደላቸው እርዳታ አንዱ ልብን የሚያረጋጋ እንቅልፍ እንደነበር በሱረቱ አል-አንፋል (8፡11) ተጠቅሷል። በጦር ሜዳ ላይ እንኳ እንቅልፍ የእርዳታ መሣሪያ ሆኖ መጣ።

በአንጻሩ ሁላችንም በቃላችን በያዝነው በአየተል ኩርሲ ውስጥ አላህ ራሱን ማንገላጀትም ሆነ እንቅልፍ የማይዘው መሆኑን ይገልጻል። ይህ የእርሱ ብቻ ባሕርይ ነው። እኛ ፍጡሮች ነን፤ እንቅልፍ ይይዘናል፤ ሊይዘንም ይገባል። እንቅልፍ አያስፈልገኝም ብሎ መኩራራት ለፍጡር የማይገባ ነገር ነው።

ስንተኛ በአካላችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከውጭ ለሚያየው ሰው የተኛ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አዘሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን በሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን ካሳወቁ ወዲህ አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ ሥራ ላይ መሆኑ እየተብራራ መጥቷል። እንቅልፍ አንድ ወጥ አይደለም። በግምት በየ90 ደቂቃው የሚደጋገም ዙር አለው፤ ከቀላል እንቅልፍ ወደ ከባድ፣ ከከባድ ወደ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይሸጋገራል።

በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ ልጆችን የሚያሳድገውና የተጎዳ አካልን የሚጠግነው ሆርሞን በብዛት ይመነጫል። የደም ግፊት ዝቅ ይልና ልብ ታርፋለች። በቀን የተማርነውና የሰማነው በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለውም በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅ እንቅልፉን ከተነጠቀ ሒፍዙን እየተነጠቀ ነው።

የበሽታ መከላከያ አቅማችንም በእንቅልፍ ላይ ይመሠረታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 153 ጤነኛ ሰዎችን ወስዶ የእንቅልፋቸውን መጠን ከመዘገበ በኋላ የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ጨመረ። ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ በጉንፋን የመያዛቸው ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማነስ ደግሞ ከደም ግፊት፣ ከስኳር በሽታ፣ ከልብ ሕመምና ከመንፈስ ጭንቀት ጋር እንደሚያያዝ ሐኪሞች ይናገራሉ።

ስንት ሰዓት ይበቃል?

በአሜሪካ የሚገኙ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ባወጡት ምክር ለአዋቂ ሰው በቀንና ሌሊት ውስጥ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ አስታውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሐዲስ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ የሌሊት ሰላት የነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ሰላት መሆኑን ነግረውናል። ዳውድ የሌሊቱን ግማሽ ይተኛሉ፤ ሲሶውን ይቆማሉ፤ ስድስተኛውን እጅ ደግሞ ተመልሰው ይተኛሉ (ቡኻሪና ሙስሊም)። ለስሌት እንዲቀለን ሌሊቱን 12 ሰዓት ብናደርገው 6 ሰዓት እንቅልፍ፣ 4 ሰዓት ሰላት፣ 2 ሰዓት እንቅልፍ ይሆናል። ድምሩ 8 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን እስከ ሱብሂ ብቻ ብንቆጥረውና በአገራችን ወደ 11 ሰዓት የሚጠጋ ብናደርገው እንኳ የእንቅልፉ ድርሻ ከ7 ሰዓት አይወርድም። እንግዲህ በሌሊት ዒባዳ አርኣያ ሆነው የተጠቀሱልን ነቢይ የሌሊታቸውን ሁለት ሦስተኛ ለእንቅልፍ ይሰጡ ነበር ማለት ነው።

የተፈታው ገመድ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንቅልፍን ስለሚበድል ሰው የተናገሩት ጥቂት አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን ሁሉ እየጾመ ሌሊቱን ሁሉ እየሰገደ እንደሚኖር በሰሙ ጊዜ አስጠርተው እንዲህ እንዳያደርግ ነገሩት፤ እንዲጾምም እንዲያፈጥርም፣ እንዲሰግድም እንዲተኛም አዘዙት። ምክንያቱንም ሲገልጹለት አካሉ፣ ዓይኑና ባለቤቱ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስረዱት (ቡኻሪ)። ሐቅ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ሐቅ ማለት የማይበላ ዕዳ ነው። የሰው ገንዘብ መብላት እንደሚያስጠይቅ ሁሉ የዓይንን ሐቅ መብላትም ያስጠይቃል ማለት ነው።

የሰልማንና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህን ሁለት ሰሐቦች ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ሊጠይቀው ሲሄድ የአቡ ደርዳእ ባለቤት ራሷን ጥላ አገኛት። ምን ሆነሽ ነው ቢላት ወንድምህ ለዱንያ ጉዳይ የለውም አለችው። ሌሊት ሲሆን አቡ ደርዳእ ለሰላት ሊነሳ ሲል ሰልማን ተኛ አለው፤ ተኛ። ደግሞ ሊነሳ ሲል አሁንም ተኛ አለው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ ግን አሁን ተነስ ብሎት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ ሁሉም ሐቅ እንዳላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን መስጠት እንዳለበት መከረው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተነገረ ጊዜ ሰልማን እውነት መናገሩን አረጋገጡ (ቡኻሪ)። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰላቱ አልቀረም። ጊዜው ነው የተስተካከለው። የባልየው እንቅልፍ ማጣት ቀድሞ የታየው ደግሞ በባለቤቱ ላይ ነበር።

ሦስተኛው የገመዱ ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ወደ መስጊድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ተወጥሮ አዩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁ የዘይነብ (ረ.ዐ) መሆኑን፣ በሰላት ቆማ ሲደክማት እንደምትይዘው ተነገራቸው። እርሳቸውም ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ። ሰው ንቁ እስከሆነ ድረስ ይስገድ፣ ሲደክመው ይረፍ የሚል ትምህርትም ሰጡ (ቡኻሪና ሙስሊም)። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትም በሰላት ላይ እንቅልፍ የሚያንገላጀው ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው እንዲተኛ መክረዋል፤ ምሕረት እለምናለሁ ብሎ ሳያውቀው ራሱን ሊረግም ይችላልና።

ይህንን ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች ጫት ለዱዓና ለዒባዳ ሌሊቱን ለመንቃት ይረዳል ሲባል ኖሯል። ተማሪውም ለፈተና፣ ሹፌሩም ለመንገድ ይይዘዋል። በጫት ሑክም ላይ ዑለማዎቻችን የተናገሩት ብዙ ስለሆነ ፍርዱን ለእነርሱ እንተወው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ። ያ ገመድ ለምን ተፈታ? ገመዱ በራሱ ሐራም ነገር አልነበረም። የታሰረው በመስጊድ ውስጥ ነው። የታሰረው ለሰላት ነው። ያሰረችውም የተከበረች ሴት ነበረች። ሆኖም ተፈታ፤ ደክሞኛል የሚል አካል በውጭ ነገር ተደግፎ በግድ እንዲቆም አልተፈለገምና። ገመዱ ያለ ጉዳት ከተፈታ፣ ልብን የሚያስመታና እንቅልፍን የሚነሳ ገመድስ?

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ በአሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ማታ ቢጋደምም ይገላበጣል። አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ ይህ ሐራም ለመሆኑ ክርክር የለበትም። ያልጠጣውም ቢሆን እንቅልፍ የሚወስደው ሙአዚኑ ለሱብሂ ሲጣራ ነው። በዚህ መንገድ ለሱና ሰላት ይነቃል የተባለው ፈርዱን ያሳልፋል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የጤና ብቻ አይደለም የምንለው።

ከኢሻ በኋላ ያለው ጊዜ

አድማጮቻችን፣ የሙስሊም እንቅልፍ በጠዋት በኩል አጥር አለው። ሌላው ሰው ማታ ቢያመሽ ጠዋት አርፍዶ ሊተኛ ይችል ይሆናል። እኛ ግን ሱብሂ አለብን። በአገራችን ሱብሂ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ኢሻን ሰግዶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ 7 ሰዓት ተኩል ተኝቷል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የተኛው ግን 5 ሰዓት ብቻ ነው የተኛው። በጠዋት በኩል የሚጨመርለት ነገር የለም። ስለዚህ ወይ አካሉን ይበድላል፣ ወይ ሰላቱን ያሳልፋል። ሦስተኛ መንገድ ካለ እርሱ በጊዜ መተኛት ነው።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻ በፊት መተኛትንና ከኢሻ በኋላ ወሬ ይዞ መቀመጥን እንደሚጠሉ በቡኻሪ ተዘግቧል። የሌሊቱን መጀመሪያ ተኝተው መጨረሻውን ይቆሙ እንደነበርም ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገልጸዋል። ዑለማዎች ዕውቀት መፈለግን፣ እንግዳ ማስተናገድንና ከቤተሰብ ጋር መጨዋወትን ከዚህ ለይተው ይፈቅዳሉ። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሚያስመሸው ግን ይህ አይደለም። ተከታታይ ፊልም ነው፤ በእኛ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚያልፍ የአውሮፓ ኳስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አልጋ ውስጥ አብሮን የሚገባው ስልክ ነው።

ስልኩ ሰዓት ከመብላቱ ሌላ ብርሃኑም ይጎዳል። አላህ በአካላችን ውስጥ ከብርሃንና ከጨለማ ጋር የሚሄድ ሰዓት አኑሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች የዚህን ሰዓት አሠራር በመመርመራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይመነጭና የእንቅልፍ ጊዜ መድረሱን ለአካል ያሳውቃል። ዓይን ላይ የሚበራ ብርሃን ግን ይህን መልእክት ያዘገየዋል። ሌሊት ልብስ መሆኑ በቁርኣን ተነግሮናል፤ እኛ ግን በእጃችን ይዘን እየገፈፍነው ነው።

ቡናም አለ። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በአካላችን ውስጥ ይቆያል። ከመግሪብ በኋላ 1 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ በደሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቡና ይቅር አንልም፤ የጎረቤት ፍቅር ያለበት ነው። ነገር ግን እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው የቡናውን ሰዓት ወደ ቀትር ቢያዞረው ይጠቀማል።

የማታው የጎደለበት ሰው ደግሞ ቀይሉላ የሚባለው የቀትር እረፍት አለለት። በሱረቱ አን-ኑር (24፡58) ሰዎች በቀትር ልብሳቸውን አውልቀው የሚያርፉበት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ሰሐቦችም ይህን እረፍት ያዘወትሩ ነበር። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ከአስር በኋላ የሚተኛ ረጅም እንቅልፍ ግን የሌሊቱን ያበላሻል። በረመዳንም ሌሊቱ በተራዊሕና በሰሁር ስለሚከፋፈል ከተራዊሕ በኋላ ቶሎ መተኛትና በቀትር ማረፍ ይረዳል። ሌሊቱን በጨዋታ አንግቶ ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን የጾሙን ትርጉም ያሳጣል።

የማን እንቅልፍ ነው የሚወሰደው?

እስካሁን ስለ ራሳችን ሐቅ ተናገርን። የከበደው ጉዳይ ግን በሌላው እንቅልፍ ላይ የምንፈጽመው በደል ነው። በቤታችን ውስጥ መጨረሻ የሚተኛው ማን ነው? መጀመሪያ የሚነሳውስ? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ሰው ነው፤ እርሷም እናት ናት፤ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። አባወራው ከጓደኞቹ ጋር ሲያመሽ ራት አሙቃ የምትጠብቅ፣ ሌሊት ሕፃን የምታጠባ፣ በሰሁር ሁሉንም የምትቀሰቅስ እናት እንቅልፏን የሚጠይቅላት የለም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ተናግረዋል (ቡኻሪ)። እንግዲያው ሳህን ማንሳት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ ማባበል፣ ራት በጊዜ መብላት ከሱና ውጭ አይደለም። ለባለቤቱ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ያተረፈ ሰው ሐቅ ከፍሏል።

የቤት ሠራተኞቻችንን በተመለከተ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሠራቸው፣ ካሠራናቸውም እንድናግዛቸው አዘዋል (ቡኻሪና ሙስሊም)። ሌሊት 6 ሰዓት ተኝታ 11 ሰዓት የምትነሳ የ16 ዓመት ልጅ በዕድሜዋ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ የሚያስፈልጋት መሆኑን እናስታውስ። እህቶቻችን በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ እንቅልፍ ይነፈጋሉ ብለን እናዝናለን፤ ልናዝንም ይገባል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት እንድታርፍ ደንግጓል። ሐዘናችን እውነተኛ የሚሆነው ግን በራሳችን ማጀት ያለችውም ስታርፍ ነው።

ልጆቻችንስ? 12 ሰዓት ላይ ለትምህርት ቤት የሚነሳ የ8 ዓመት ልጅ ትንሹን 9 ሰዓት እንኳ እንዲያገኝ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። ሱብሂን እንዲለምድ 11 ሰዓት ላይ የምናስነሳው ከሆነ ደግሞ 2 ሰዓት ላይ ይተኛ። ቴሌቪዥኑ በመኝታው ክፍል እየጮኸ ልጁን ተኛ ማለት፣ ከዚያም ጠዋት ለሰላት አልነሳ አለ ብሎ መቆጣት ፍትሕ አይደለም። ልጁ ሰላትን አልጠላም፤ እንቅልፉን አልጠገበም።

መንገድ ላይ ያሉ ወገኖቻችንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመጣጠናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሹፌር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞላው። አልኮል በአፉ የማያዞር ሙስሊም ሹፌር በእንቅልፍ እጦት ብቻ እንደ ጠጪ ሆኖ የሰው ነፍስ ጭኖ ሊነዳ ይችላል። የተሳፋሪዎቹ ነፍስ በእጁ ያለ አማና ነው። ሲደክመው ዳር ይዞ ማረፍ ዲኑም ያዘዋል። ቶሎ አድርሰን እያልን የምንገፋፋው ተሳፋሪዎችም ከኃላፊነቱ ነጻ አይደለንም።

አልጋችንን እንዴት እናዘጋጅ?

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመኝታ ሱናዎች ልብንም አካልንም ለእንቅልፍ የሚያዘጋጁ ናቸው። ውዱእ ማድረግ፣ ፍራሽን ማራገፍ፣ በቀኝ ጎን መተኛት፣ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ቀርቶ በመዳፍ ተፍቶ አካልን ማበስ፣ አየተል ኩርሲን መቅራት በሐዲስ የመጡ ናቸው። ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ወፍጮ እጇን ስለጎዳት አገልጋይ ፈልጋ በመጣች ጊዜ በመኝታዋ ላይ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንድትል አስተምረዋታል (ቡኻሪና ሙስሊም)። የቀኑን ጭንቀት ይዞ የሚተኛ ሰው በዚህ ዚክር ልቡ ይረጋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ሥርዓት መተኛት እንቅልፍን እንደሚያመጣ ሐኪሞችም ይመክራሉ።

ከሱናዎቹ መካከል ነፍስን የሚያድን አንድ አለ። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በሰዎቹ ላይ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኑን ተናግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል (ቡኻሪና ሙስሊም)። በክረምት ብርድ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት በአገራችን ቤተሰብን የሚፈጅ አደጋ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሷል፣ ፍም ብቻ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። ቡና ከተፈላ በኋላ ማንደጃውን ወደ ውጭ እናውጣው።

በቀኝ ጎን መተኛት ለአዋቂና ለአደገ ልጅ ነው። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ግን በጀርባው ማስተኛት፣ ፊቱን በጋቢና በብርድ ልብስ አለመሸፈን ድንገተኛ ሞትን እንደሚቀንስ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ የተሰጣችሁን አጎበር ዘርጉት። ትንኟ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይቅደሙ።

እንቅልፍ እምቢ ሲል

ሁሉን አድርጎ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰውም አለ። ይህ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት የቀጠለ እንቅልፍ ማጣት ከጭንቀት፣ ከታይሮይድ ሕመም ወይም ከሌላ ችግር ሊመጣ ይችላል። በኃይል የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚባንን ሰውም ልብንና የደም ግፊትን የሚጎዳ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ይመርመር። አብሮት የሚተኛ ሰው ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ይንገረው። እንዲህ ያለውን ሁሉ የጂን ነገር ነው ብሎ መዝጋት ወይም የጎረቤትን የእንቅልፍ ክኒን ተቀብሎ መዋጥ አይገባም። ሩቅያውም ይቀራ፣ ሐኪሙም ይጠየቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋልና አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬዋ ሌሊት ምን እናድርግ? ኢሻ ከተሰገደ በኋላ ስልኮቹን ከመኝታ ክፍሉ እናውጣ። ማንደጃውን እናውጣ። ልጆቹን በጊዜ እናስተኛ። ቀሪ ሥራ ካለ ተካፍለን እንጨርሰውና እናትየዋም ሠራተኛዋም ከእኛ ጋር እኩል ይተኙ። ከዚያም የምንተኛበትን ኒያ እናስተካክል። ሙዓዝ ኢብን ጀበል (ረ.ዐ) ከሰላታቸው ምንዳ እንደሚጠብቁት ሁሉ ከእንቅልፋቸውም ምንዳ እንደሚጠብቁ መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ለሱብሂ ልነሳ፣ ለሐላል ሥራዬ ልበርታ ብሎ የተኛ ሰው እንቅልፉ ይጻፍለታል ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) እንቅልፋችንን እረፍት፣ ንቃታችንን ዒባዳ ያድርግልን። የደከሙ እናቶቻችንን ያሳርፍልን። በመንገድ ያሉትን በሰላም ያድርስልን። በሕመም ምክንያት ሌሊቱ የረዘመባቸውን ዓፊያ ይስጣቸው። አሚን።